ያውቁ ኖሯል? ብረት፣ አጓት እና ክሬቲን

ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ከሥራ መልስ ወደ ጂም ጎራ ለሚሉ፣ ግቢያቸው ውስጥ ብረት ለሚገፉ፣ እንዲሁም “ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ” እያሉ ለሚቆዩ ሁሉ። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በትልልቅ ጣሳ ታሽጎ በውድ የሚሸጠው ዌይ ፕሮቲን አጓት መሆኑን ያውቁ ኖሯል? አዎ፣ አይቡ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ያው ፈሳሽ ነው። ፋብሪካው አጣርቶ ውሃውንና አብዛኛውን ስኳሩን ያወጣለታል፣ ያደርቀዋል፣ ቫኒላ ወይም ቸኮሌት ይጨምርበታል። 30 ግራም ዱቄት ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። 100 ግራም ጥሬ ምስርም ከዚያ አያንስም፤ ዋጋውን እርስዎ ያስሉት።

ጡንቻ ለመገንባት ስንት ፕሮቲን ይበቃል? በ2018 የወጣ፣ 49 ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ሥራ በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ግራም ገደማ ነው ይላል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 112 ግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው። ከዚያ በላይ የተበላው ብዙም ጥቅም አልታየበትም። እንጀራ በሽሮ ደግሞ ከሚታማው በላይ ነው፤ ጥራጥሬው እህሉ የሚጎድለውን ላይሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ይሞላል፣ እህሉም ጥራጥሬው የሚያንሰውን ሜቲዮኒን።

ዌይ የወተት ውጤት ስለሆነ በጾም አይወሰድም። ክሬቲንስ? እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ከሰፕልመንቶች ሁሉ ብዙ የተጠናውና የሚባልለትን ያህል የሚሠራው እሱ ነውና። ክሬቲንን በ1832 ከሥጋ ውስጥ ያገኘው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሼቭረል ነው (ሰውዬው 102 ዓመት ኖሯል፤ በክሬቲን ነው እንዳይሉ ብቻ)። ዛሬ በገበያ ያለው ክሬቲን ሞኖሃይድሬት ግን የሚሠራው በኬሚካል ፋብሪካ ነው፤ የእንስሳ ተዋጽኦ የለበትም። ካፕሱል ከሆነ ሽፋኑ ከጄላቲን ሊሠራ ስለሚችል ጾመኛ ዱቄቱን ቢመርጥ ይሻላል። በምግብ በኩል ክሬቲን የሚገኘው ከሥጋና ከዓሣ ነው። ስለዚህ ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ጡንቻ ውስጥ መጠኑ አነስተኛ ሆኖ ይገኛል፤ ሲወስዱትም የሚጨምርላቸው ከሌላው ይበልጣል። በዓመት ከ180 ቀናት በላይ ለሚጾም የኦርቶዶክስ ምእመን ይህ ትልቅ ወሬ ነው። በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ይበቃል፤ በወር ገደማ ውስጥ ጡንቻው በክሬቲን ይሞላል። መጀመሪያ ላይ ሚዛኑ አንድ ሁለት ኪሎ ከፍ ቢል አብዛኛው ውሃ ነው።

በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ምግብም ውሃም የማይቀምስ ሰው ከባዱን ብረት ለማታ ቢያቆየው ይሻለዋል፤ በልቶና ጠጥቶ።

ቡና በስፖርት ሕግ የተገደበ ነበር ቢባሉ ያምናሉ? ከ1984 ጀምሮ በሽንት ውስጥ ከተወሰነ መጠን በላይ ካፌይን የተገኘበት አትሌት ይቀጣ ነበር። ገደቡ የተነሣው በ2004 መግቢያ ነው። በውድ የሚሸጠው የ“ፕሪ ወርክአውት” ዱቄት ዋና ሞተርም ካፌይን ነው። ነገር ግን ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ከጠጡት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ማታ 5 ሰዓትም በደምዎ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ጡንቻን እንቅልፍ ነስቶ መገንባት ደግሞ አያዋጣም።

አብሽም ባሕር ማዶ “ቴስቶስትሮን ጨማሪ” ተብሎ በክኒን ይቸበቸባል። ማስረጃው ግን ደካማ ነው። ወጥ ውስጥ ይሁንልን።

“ሦስት ዙር፣ አሥር አሥር ጊዜ” የሚለው የየጂሙ ትእዛዝ ከሆስፒታል የወጣ ነው። ቶማስ ዴሎርም የተባለ አሜሪካዊ ወታደራዊ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን በከባድ ክብደት ማሠልጠን ጀመረ፤ ዘዴውን በ1945 አሳተመ። መጀመሪያ እስከ አሥር ዙር ያሠራ ነበር፤ ኋላ ሦስቱ እንደሚበቁ አየ። ዋናው ነገር ቁጥሩ አልነበረም፤ ክብደቱ በየጊዜው መጨመሩ እንጂ። ለዓመት ያንኑ ብረት የሚገፋ ሰው በዓመቱ ያው ሰው ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚመጣው ጉልበት በብዛት የጡንቻ ሳይሆን የነርቭ ነው። መስታወቱ ምንም ባያሳይዎት አይዘኑ።

ከፍታውስ? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አንድ ከባድ ማንሳት ጥቂት ሰከንድ ብቻ ስለሚፈጅ ጡንቻው ባጠራቀመው ኃይል ይጨርሰዋል፤ ኦክስጅን አይጠብቅም። ያንን ክምችት መልሶ ለመሙላት ግን ኦክስጅን ያስፈልጋል። ስለዚህ በከባድ ዙሮች መካከል 3 ደቂቃ ይረፉ። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ስልክ ማገላበጥ ግን ዕረፍት አይባልም፤ ሰው ይጠብቃል።

የሰፈሩ ብረት፣ ማለትም ቱቦና ኮንክሪት የተሞላ የቀለም ጣሳ፣ አይናቅም። 4 ሊትሩ ጣሳ ሲሞላ 9 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። ሁለቱን ጣሳዎች በሚዛን ያስተያዩ፤ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ብረት ወገብ ያስቀጣል።

በመጨረሻ፣ በ2015 አሥራ አንድ የቡልጋሪያ ክብደት አንሺዎች ስታኖዞሎል የተባለ የተከለከለ መድኃኒት ተገኘባቸው። ፌዴሬሽናቸው ጥፋቱን በአንድ ሰፕልመንት አሳበበ፤ ሀገሪቱ ግን ከሪዮ ኦሎምፒክ የክብደት ማንሳት ውድድር ታገደች። በፀረ-ዶፒንግ ሕግ ሰውነቱ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው አትሌቱ ራሱ ነው፤ ጣሳው ላይ ባይጻፍም። ስለዚህ የሚወዳደሩ ከሆነ በገለልተኛ ላቦራቶሪ ያልተመረመረ ጣሳ አይክፈቱ። የኩላሊት ሕመም ካለብዎት ደግሞ የፕሮቲን ዱቄትም ሆነ ክሬቲን ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።