ዕረፍት ስንት ብር ነው?

በፊዚዮቴራፒ ክፍላችን ከምናዝዘው ሁሉ ውዱ ዕረፍት ነው። መድኃኒቱ ደረሰኝ አለው፣ ኤምአርአይውም አለው። ታካሚው ቤቱ ተቀምጦ ላጣው ገቢ ግን ደረሰኝ የሚቆርጥለት የለም። «ከባድ አታንሳ፣ ብዙ አትቀመጥ» ብለን ስንጽፍ በነጻ ያዘዝን ይመስለናል።

የወገብ ሕመም ሰውን ከሥራ በማሰናከል በዓለም የሚስተካከለው የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 ችግሩ 619 ሚሊዮን ሰው ላይ ነበር። እኔ ዘንድ ከሚመጡት ውስጥ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች አሉ። ሸማኔ ከሽመና ዕቃው ሥር በተቆፈረው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጦ፣ በእግሩ እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ግራ እያመላለሰ፣ ጎብጦ ይውላል።

በቅርቡ አንድ የሃምሳ ዓመት ገደማ አባወራ ፌስታላቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት፦ ራጅ፣ የኤምአርአይ ውጤት፣ ባዶ የዲክሎፌናክ ማሸጊያ፣ የጨጓራ ክኒን። ወገባቸውን በቀበቶ ጠፍረውታል። ወጌሻም ጸበልም ደርሰዋል።

«ጋሼ፣ ሥራ ካቆሙ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ምኑን አቆምኩት ዶክተር! ቀነስኩ እንጂ። በሁለት ቀን እጨርሰው የነበረው ነጠላ አሁን አራት ቀን ይፈጅብኛል።»

(ዶክተር አይደለሁም፤ ማረሙን ከተውኩት ቆይቷል።)

ድርና ማጉን የሚያቀርበው ነጋዴ ነው፤ የሚከፍላቸው በጨረሱት ልክ ነው። ስለዚህ ገቢያቸው በግማሽ ወርዷል። ሥራ ስላላቆሙ ግን ማንም «ታመመ» ብሎ አልመዘገባቸውም። ከትምህርት ቤት መልስ ማግ ያጠነጥንላቸው የነበረው ልጅ አሁን ጠዋት ጠዋት እሳቸው ቦታ ይቀመጣል። የአባትየውን ወገብ ሒሳብ ከሚከፍሉት አንዱ እሱ ነው።

ተቀጣሪ ቢሆኑ ኖሮ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ትንሽ ይደግፋቸው ነበር። የሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ አለው፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ምንም። ከሦስት ወር ያለፈውን ሕመም ነው እኛ ሥር የሰደደ የምንለው፤ የሕጉ ክፍያም የሚያልቀው እዚያው ላይ ነው። ለሸማኔው ይህም የለም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርዳቸው የሕክምናውን ወጪ ያቃልላል፤ የታክሲውንና የባከነውን ቀን ግን አይመለከትም። ጤና ጣቢያ ሄዶ ሪፈር ማጻፍ አንድ ቀን ነው፣ ሆስፒታል ቀጠሮ ማስያዝ ሌላ ቀን ነው።

ኤምአርአይው ያናድደኛል። ዕቁባቸውን ለምነው ቀድመው አውጥተው ነው ያስነሱት። እግር ካልደከመ፣ ሽንት መቆጣጠር ካላስቸገረ፣ ትኩሳት ወይም ያልታወቀ ክብደት መቀነስ ከሌለ ሕክምናውን የሚቀይረው ከስንት አንዴ ነው። «ዲስክ» የሚባለው ለውጥ እኮ ምንም ሕመም በሌለው ሰው ላይም በብዛት ይታያል። ዲክሎፌናክም ለጊዜው ያስታግሳል፤ በየቀኑ ሲዋጥ ግን ጨጓራንና ኩላሊትን ስለሚጎዳ ሌላ መድኃኒት ያስገዛል።

እንቅስቃሴ በሳምንት ሦስት ቀን ክፍላችን መጥተው እንዲሠሩ ማዘዝ እችል ነበር፤ ሥርዓቱም እሱ ነው። ለእሳቸው ግን ሦስት የሥራ ቀን ነው። ከጥምቀት በፊት ባሉት ሳምንታት ደግሞ፣ ነጠላና ጋቢ በሚፈለግበት ሰሞን፣ የትኛውም ሸማኔ ቀጠሮ አያከብርም፤ እኔም ብሆን አላከብርም። ስለዚህ ሦስት እንቅስቃሴ ብቻ በአንድ ቀን አስተማርኳቸው፤ የቀረውን በስልክ እንከታተላለን ተባባልን። ሰዓት እያዩ ዕረፍት ውሰዱ ማለት ለሸማኔ አይሆንም። ማግ የተጠነጠነበት ቀሰም ባለቀ ቁጥር ከጉድጓዱ ወጥተው ትንሽ እንዲራመዱ ተስማማን። ቀሰሙ ለማንኛውም መቀየሩ አይቀርም፤ የሚባክነው ጊዜ ጥቂት ነው።

ባለፈው ስደውል ሕመሙ ባይጠፋም ነጠላውን በሦስት ቀን መጨረስ መጀመራቸውን ነገሩኝ። ቀበቶውን እንዲያወልቁ ግን ማሳመን አልቻልኩም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ለዚህ ዓይነት ሕመም ቀበቶ እንደማይመከር ባስረዳቸውም፣ «ብሬን ከፍዬበት?» አሉኝ።