የሶፍትዌር መሐንዲስና ባልደረቦቹ

ከጓደኞቼ መካከል ትምህርታቸውን ሲጨርሱ የሶፍትዌር መሐንዲስ ለመሆን የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ሙያ ሲነሣ ስለ ሒሳብና ስለ ኮምፒዩተር ብዙ ይነገራል፤ ሙያተኛው አብሯቸው ስለሚውል ሰዎች ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው። እኔም ስለዚሁ ጉዳይ በአጭሩ ለማስረዳት እወዳለሁ።

ሶፍትዌር ማለት ኮምፒዩተር አንድን ሥራ እንዲፈጽም የሚጻፍለት ትእዛዝ ነው፤ ሙያተኞቹ ጽሑፉን ኮድ ይሉታል። በኮምፒዩተር አሠራር ላይ የሚደርስ እክል ምን ያኽል ሊያስቸግር እንደሚችል በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አይተናል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር ሥርዓቱን ሲያሻሽል በተፈጠረ ችግር ምክንያት ብዙ ሰዎች፥ ከእነዚህም መካከል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፥ በአንድ ሌሊት በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ አወጡ።

እክልን አስቀድሞ ለመያዝ፥ በሚገባ በሚሠራ መሥሪያ ቤት አንዱ የጻፈው ኮድ ሌላው ባልደረባ ሳያነበው ሥራ ላይ አይውልም። ጀማሪው ከሁሉ ይበልጥ የሚማረው በዚህ ጊዜ ነው። «ይህን ለምን እንዲህ ጻፍኸው?» ተብሎ በቅንነት ሲጠየቅ ምክንያቱን ያስረዳል፤ ሲያስረዳም ብዙ ጊዜ ጉድለቱን ራሱ ያየዋል። አንባቢው የሚያፌዝበት ከሆነ ግን ያልገባውን «ገብቶኛል» እያለ ያልፋል። ጄራልድ ዋይንበርግ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው መጽሐፉ፥ ጸሐፊው ኮዱን እንደ ገዛ አካሉ ቈጥሮ ሲነቀፍ እንዳይቈጣ፥ ይልቁንም ባልደረቦቹ ስሕተቱን እንዲፈልጉለት እንዲጋብዝ መክሯል።

አንዳንድ አባቶች «ልጅ በቁጣ ካልሆነ ሙያ አይዝም» ይላሉ፤ የከተማችንንም ጋራዦች በምሳሌነት ይጠቅሳሉ። እኔ ግን ሁለቱ ሥራዎች አይመሳሰሉም እላለሁ። በጋራዥ ረዳቱ ያላጠበቀውን ብሎን ዋናው መካኒክ በዓይኑ ያየዋል፤ በእጁም ይነካዋል። በብዙ ሺህ መስመሮች መካከል የተሸሸገውን ስሕተት ግን አስቀድሞ የሚጠረጥረው ብዙ ጊዜ የጻፈው ሰው ነው፤ እርሱ ከፈራ ማን ይነግረናል? (ጋራዡም ቢሆን ያለ ቁጣ ቢያስተምር የሚጎዳ አይመስለኝም።)

ይህን ነገር አጥርታ ያሳየችው ኤሚ ኤድመንድሰን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ናት። በሆስፒታሎች ስለሚደርስ የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተት ስትመረምር፥ ተባብረው የሚሠሩት ክፍሎች ስሕተታቸው ያነሰ ይሆናል ብላ ጠብቃ ነበር። መዝገቡ ግን የተገላቢጦሽ ሆኖ ተገኘ፤ በመልካም የሚመሩት ክፍሎች ብዙ ስሕተት አስመዝግበው ነበር። ነገሩን ብታጣራ፥ በእነዚያ ክፍሎች ያሉት ነርሶች የሆነውን ሁሉ ሳይፈሩ ስለሚናገሩ እንጂ ከሌሎቹ ይበልጥ ስለሚሳሳቱ እንዳልሆነ ተረዳች። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የሚሉት አያቶቻችን ይህን ቢሰሙ የሚደነቁ አይመስለኝም። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1996 ታተመ። ጉግል የተባለው ኩባንያም 180 ያኽል የሥራ ቡድኖቹን ካስጠና በኋላ፥ ቡድንን ከሁሉ ይልቅ የሚያበረታው አባሎቹ ሳይፈሩ መናገራቸው መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2015 ገልጿል።

እዚሁ አዳማም ምሳሌ አለን። ኤቱኤስቪ የተባለው ድርጅት የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በቡድን እያደረገ ኮድ መጻፍን አሠልጥኗል፤ አስቀድመው የሠለጠኑትም ተመልሰው አዲሶቹን አስተምረዋል። ትናንት ራሱ የተቸገረበትን ጥያቄ ዛሬ የሚያስረዳ ሰው በጠያቂው ለመሳቅ ይከብደዋል።

እንግዲህ ከእኛ አንዱ ወደ ሥራ ለመግባት ቀርቦ ሲነጋገር፥ ስለ ደመወዙ ከጠየቀ በኋላ «በቅርቡ እክል ደርሶባችሁ እንደ ሆነ ምን አደረጋችሁ?» ብሎ ቢጨምር መልካም ነው። መላሹ የተቀጣውን ሰው ብቻ ቢነግረው አንድ ነገር ነው፤ ኮዱ እንዴት እንደታረመና ከዚያ ወዲህ ማን እንደሚያነበው ቢነግረው ግን ሌላ ነው።