ጎረቤት ደውሏል ብለን ነበር

ረመዳን በበልግ ሲውል መልካ ጀብዱ ላይ ከዝናቡ በፊት አቧራ ያዘለ ነፋስ ይደርሳል። ሳምቡሳው ተጠብሶ፣ ቴምሩ ቀርቦ፣ የመግሪብ አዛን እየጠበቅን ሳለ ሰፈሩ ድንገት ይጨልማል። ሁላችንም «ጎረቤት ደውሏል» ብለን ሻማ እናበራለን። ጎረቤታችንም ስለ እኛ እንዲሁ ያስባል።

ነፋሱ ሽቦዎችን ሲያጋጭ ወይም ቅርንጫፍ ሲጥልባቸው መስመሩ ይቋረጣል። የቱ ጋ እንደተበጠሰ ግን ያየ ሰው ካልተናገረ ጠጋኞች ሲፈልጉ ያመሻሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ የጎረቤትን ቤት እንይ። የጠፋው የእኛ ብቻ ከሆነ ብሬከራችንን እንመልከት። ሰፈሩ በሙሉ ከጨለመ ወደ ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የጥሪ ማዕከል 905 እንደውል፤ ቀበሌውን፣ በአቅራቢያ ያለውን መስጊድ፣ መብራቱ የጠፋበትን ሰዓትና ያየነውን እንናገር።

የወደቀ ሽቦ ካየን «መብራት የለም» ብለን አንጠጋ፤ ኃይል ሊኖረው ይችላል፣ ባይኖረውም ድንገት ይመለስበታል። ልጆቻችን ለተራዊሕ በዚያው ጨለማ ያልፋሉ። አንዳችን ከሩቅ ቆመን መንገደኛውን እንመልስ፣ ሌላችን እንደውል።

ሰው የሚጎዳን ነገር ከመንገድ ማስወገድ ሰደቃ መሆኑን እናውቃለን። ሽቦውን በእጃችን ማንሳት አንችልም፤ መናገር ግን እንችላለን።