የተጣለችው ቡችላ ነገ የት ትገኛለች?

የግቢያችሁ ውሻ ስትወልድ ቡችሎቹ የት እንደሚደርሱ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ወንዶቹ ቤት ጠባቂ ስለሚሆኑ ፈላጊ አያጡም። ሴቶቹን ግን «ነገ ትወልድብኛለች» እየተባለ የሚቀበል አይገኝም። በመሆኑም በጆንያ ተደርገው ወንዝ ዳር ወይም ገበያ አጠገብ ይጣላሉ። ብዙዎቻችን ነገሩ በዚሁ ያለቀ ይመስለናል። ነገር ግን አላለቀም።

በእንጅባራና በዳንግላ መካከል የምትገኘውን አዲስ ቅዳምን እንውሰድ። ስሟን ከቅዳሜ ያገኘች የገበያ ከተማ ናት። በማንኛውም የገበያ ከተማ፣ ሥጋ ቤትና ቆሻሻ መጣያ ባለበት ሁሉ፣ ባለቤት የሌለው ውሻ የሚበላው አያጣም። የተጣለችው ቡችላ ከሞት ካመለጠች አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ገደማ ሲሆናት ለመውለድ ትደርሳለች። ውሻ ባብዛኛው በዓመት ሁለት ጊዜ ወንድ የምትፈልግ ሲሆን፣ 63 ቀን ያህል አርግዛ አምስት ስድስት ትወልዳለች። እንግዲህ ልጆቻችሁ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ የሚያገኟቸው የመንገድ ውሾች ብዙዎቹ ከየግቢያችን የወጡ ወይም የእነዚያ ልጆች ናቸው።

ከዚህ የሚመጣው ትልቁ አደጋ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሚሰጠው ግምት በሽታው በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን ይገድላል። 99 በመቶው በውሻ አማካይነት የሚተላለፍ ሲሆን፣ ከተጠቂዎቹ 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። በሽታው ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1903 አዲስ አበባ ውስጥ ተነሥቶ እንደነበር ተመዝግቧል። በ2003 ደግሞ ከቤት ውሾች ወደ ባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮዎች ተላልፎ ብዙዎቹን ፈጅቷል።

በከተሞቻችን ውሻ ሲበዛ መርዝ በሥጋ ደብቆ መበተን የተለመደ ነበር። ይህ ጭካኔ ከመሆኑም በላይ ጥቅሙ አጭር ነው። መርዙ የተከተበውንም ያልተከተበውንም፣ ሬሳውን የሚበላውን አሞራም ሳይለይ ይገድላል። በሞቱት ምትክ ያልተከተቡ ቡችሎች ያድጋሉ። በሽታው የሚገታው ግን ከውሾቹ 70 በመቶው ሲከተቡ ነው። በየጊዜው አዳዲስ ቡችሎች እየተወለዱ ከተጣሉ ደግሞ ክትባቱ አይደርስባቸውም።

መፍትሔው መከተብና ማምከን ነው። ማምከን ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ወይፈን ተኮላሽቶ ለእርሻ ይውላል፤ ፍየሉም ሙክት ይሆናል። በወንድ ውሻ የሚደረገውም ይኸው ሲሆን፣ ለሴቷ ግን የእንስሳት ሐኪም በማደንዘዣ የሚሠራው ቀዶ ሕክምና ነው። «ከመከነች ቤት አትጠብቅም» የሚባለው ስሕተት ነው። የመከነ ወንድ ሴት ፍለጋ ስለማይዞር እንዲያውም ከግቢው አይርቅም። ሴቷም ከማሕፀን መመረዝ ትድናለች። ለድመትም ቢሆን ነገሩ ያው ነው።

እስቲ እያንዳንዳችን የሚከተለውን እናድርግ።

ውሻችሁን ሦስት ወር ሲሞላት አስከትቡ፤ ክትባቱንም በቀጠሮው አሳድሱ። ስለ ማምከን በወረዳችሁ የእንስሳት ክሊኒክ ጠይቁ። በአካባቢያችሁ ለሴቷ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ከሌለ፣ ወንድ በምትፈልግበት ወቅት ሦስት ሳምንት ያህል ከግቢ አታስወጧት።

የተወለዱትን አትጣሉ። ሁለት ወር ያህል እናታቸውን ጠብተው ካደጉ በኋላ ለሚያስከትብ ሰው ስጡ። የተጣለች ቡችላ ስታገኙ ልጆች እንዲያነሷት አትፍቀዱ። እናንተም በባዶ እጅ አትንኳት፤ ወደ ክሊኒክ የሚያደርሳትን ሰው ፈልጉ።

ልጅ ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ፤ ሳትውሉ ሳታድሩም ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጠበል የሚወስድ ቤተሰብ ቢኖርም መርፌው መቅደም አለበት። የታዘዘውም ክትባት ሳይቋረጥ መፈጸም ይኖርበታል።

ለአንዲት ውሻ የሚወጣው የማምከኛ ዋጋ ለብዙ ቤተሰብ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ጎረቤታሞች ግን ለእድርና ለእቁብ እንደምናዋጣው ለሠፈራችን ውሾችም ብናዋጣ፣ የልጆቻችንን መንገድ የምንጠብቀው እኛው ነን።