የእንጦጦ ዓለት ከየት መጣ? ለልጆች የቀረበ ማብራሪያ

ከሲ.ኤም.ሲ ወደ ሰሜን ለሚመለከት ልጅ የየካና የእንጦጦ ተራሮች ከዘላለም ጀምሮ የነበሩ ይመስሉታል። ዓለታቸው ግን ከ20 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው። ከፊሉ ቅልጥ ዓለት ፈስሶ ሲቀዘቅዝ፣ ከፊሉ ደግሞ ትኩስ አመድ ተከምሮ በራሱ ሙቀትና ክብደት ሲጣበቅ ተፈጠረ። የየካ ዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያንም ከእሳተ ገሞራ ዓለት የተፈለፈለ ነው።

ዓለት ጠንካራ ቢሆንም ይለወጣል። ዝናብ በስንጥቁ ይገባል፤ የዛፍ ሥር ስንጥቁን ያሰፋዋል፤ ፍርፋሪው ውሎ አድሮ አፈር ይሆናል። የዋሻ ሚካኤል ግድግዳም ከዚህ አላመለጠም፤ ጎብኚ ልጆች ስማቸውን ባይጭሩበት መልካም ነው። በክረምት ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ በአቃቂ ወንዝ በኩል ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወስደዋል። በዚያ የሚነጠፈው ደለል፣ ሌላ ደለል እየተጫነው ከኖረ፣ ከሚሊዮን ዓመታት በኋላ እንደገና ዓለት ሊሆን ይችላል።