በዓይን የታወቀ፣ በጆሮ ያልታወቀ ቃል

በመቻራ የሚኖር ቤተሰብ ልጁን ዘጠነኛ ክፍል ባደረሰ ጊዜ አዲስ ጭንቀት ይገጥመዋል። እስከዚያ ድረስ አንድ የትምህርት ዓይነት የነበረው እንግሊዝኛ ከዚያ በኋላ የታሪኩም፣ የሒሳቡም፣ የሥነ ሕይወቱም ቋንቋ ይሆናል፤ የአሥራ ሁለተኛው ክፍል ፈተናም የሚጠብቀው በዚሁ ነው። ልጁ የከባዱን ቃል ፍቺ ከመዝገበ ቃላት አውጥቶ ያጠናል፤ ነገር ግን ያንኑ ቃል መምህሩ ሲናገረው ቢሰማ አያውቀውም፤ ራሱም ሊናገረው ያፍራል።

ይህ ከስንፍና የመጣ አይደለም። እንግሊዝኛ ድምፁ ሲለወጥ አጻጻፉ በአመዛኙ በጥንቱ መልክ ቀርቷል። ለእኛም ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ በንጉሡ «ሠ» ሲጻፍ ሠረቀ ማለት ፀሐይ ወጣ ማለት ነው፤ በእሳቱ «ሰ» ሲጻፍ ግን የሌባ ሥራ ነው፤ በአፍ ሁለቱ አንድ ናቸው።

ለመቻራ ልጅ ደግሞ ሌላም አለበት። ኦሮምኛ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በትምህርት ቤት የሚሰጠው በላቲን ፊደል ስለ ሆነ፣ በቁቤ ማንበብ የጀመረ ልጅ «ሲ» የሚባለውን ፊደል «ጭ» ብሎ ያውቀዋል፤ የጭሮ ስም የሚጀምረው በዚሁ ነው። «ኤክስ»ም ለእርሱ «ጥ» ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ሲ» አንድ ጊዜ «ክ»፣ አንድ ጊዜ «ስ» ይሆንበታል። ጥፋቱ የቁቤ አይደለም፤ ቁቤስ እንደ ተጻፈ ይነበባል፤ ቃሉን የማይጠብቀው እንግሊዝኛው ነው።

ስለዚህ ተማሪዎች አነባበቡን በደብተራቸው ኅዳግ በአማርኛ ፊደል ይጽፋሉ፤ እኛም አንነቅፋቸውም። ኅሊና የሚባለው ቃል ሲጻፍ በውስጡ «ሳይንስ» ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ ሲነበብ ግን «ኮንሸንስ» ነው። «ኮንሸስ» የነቃ፣ የሚያውቅ ማለት ሲሆን፣ «ኮንሺየንሸስ» ደግሞ ኅሊናውን እየፈራ ሥራውን ተጠንቅቆ የሚሠራ ሰው ነው። ሦስቱን የሚያምታታ ብዙ ነው።

ፊደላችን የማያሳየው ግን አንድ ነገር አለ፤ ድምፁ የት እንደሚነሣ። «ፎቶግራፍ» ሲባል የሚነሣው መጀመሪያው ነው፤ ፎቶ አንሺው ሲጠራ ድምፁ ወደ ሁለተኛው ክፍል ይሻገራል፤ «ፎቶግራፊክ» ሲባል ወደ ሦስተኛው ይወርዳል። «ሪኮርድ»ም መጀመሪያው ሲነሣ መዝገብ፣ መጨረሻው ሲነሣ መዝገበ ይሆናል። በንባብ ቤት ያለፈ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል፤ የግዕዝን ቃል ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ፣ ተጣይ እያለ ለይቶ ያነበበ ነውና።

ከቤተ ክርስቲያን የተገኘ ስንቅም አለ። ሲኖዶስ፣ ዲያቆን፣ ፓትርያርክ፣ ቀኖና፣ ጰራቅሊጦስ ከጽርዕ ወደ እኛም ወደ እንግሊዝኛም የገቡ ናቸው፤ ልጁ «ሲነድ»፣ «ዲከን»፣ «ካነን» ሲል ፍቺያቸውን እንደ አዲስ አይማርም። መዝሙረ ዳዊትን የሚደግም አባትም የመዝሙር ስም በእንግሊዝኛ «ሳም» መሆኑን ቢሰማ ይደነቃል፤ በመጀመሪያው የተጻፈው «ፒ» አይሰማም፤ «ኤል»ም እንዲሁ።

እንግሊዝኛ የማያውቅ ወላጅ እንኳ በዚህ ሥራ ሊካፈል ይችላል። ማታ ከጸሎት በኋላ ደብተሩን ይዞ አምስት ቃላትን በአማርኛ ፍቺያቸው ይጠይቅ፤ ልጁ እንግሊዝኛውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመልስ። አባት በኅዳጉ የተጻፈውን እያየ ያዳምጥ፤ መምህሩ ድምፁ ይነሣል ባለበት ፊደል ላይም ልጁ በእርሳስ ነጥብ አድርጎ ይምጣ፤ አባት በዚያች ነጥብ ያርመዋል።