የቪዲዮ ካሜራ ሚሞሪ ካርድ በኮምፒዩተር ላይ ባልታየ ጊዜ ሊደረግ ስለሚገባው ነገር

የብራና መጽሐፍ የተቀመጠበት ዕቃ ቤት ቁልፉ ቢጠፋ ቁልፉ ይፈለጋል እንጂ መጽሐፉ ጠፋ አይባልም። የቪዲዮ ካሜራ ሚሞሪ ካርድም እንዲሁ ነው። ኮምፒዩተሩ ካርዱን አላሳየም ማለት በውስጡ ያለው ሥዕልና ድምፅ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ዳሩ ግን ይህን ያላወቀ ሰው በችኮላው ያልጠፋውን ያጠፋል። አንድ መምህር የአገር ሽማግሌ ሲተርኩ ቀድቶ ሳለ ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ያረፉ እንደ ሆነ፥ ካርዱ ከተበላሸ ዳግመኛ የሚጠየቅ አፍ አይገኝም። ስለዚህ የምርመራውን ሥርዓት በተራ እንገልጣለን።

መጀመሪያ፥ ካርዱን ወደ ካሜራው መልሶ ማየት ይገባል። የተቀዳው ነገር በካሜራው ስክሪን ላይ የታየ እንደ ሆነ ካርዱ ደኅና ነው፤ ጉድለቱም ከካሜራው እስከ ኮምፒዩተሩ ባለው መንገድ ላይ ነው። ነገሩ እስኪፈታ ድረስ ግን በዚያ ካርድ ሌላ ነገር ሊቀዳበት አይገባም።

ሁለተኛ፥ ገመዱን መመርመር ነው። የተለመደው የዩኤስቢ ገመድ በውስጡ 4 ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት፤ 2ቱ ኤሌክትሪክ ያደርሳሉ፥ 2ቱ ዳታውን ያመላልሳሉ። ባትሪ ለመሙላት ብቻ የተሠራ ገመድ ግን እነዚህ የዳታ ሽቦዎች የሉትም፤ ስለዚህ ካሜራው ኤሌክትሪክ ያገኛል፥ ኮምፒዩተሩ ግን ምንም አያይም። እንግዲህ ገመዱን መለወጥ፥ በኮምፒዩተሩ ሌላ ቀዳዳ መሞከር፥ የካሜራውን ባትሪ መሙላት፥ ካሜራውንም ከመቅጃ ወደ ማጫወቻ ማዞር ይገባል።

ሦስተኛ፥ ካርዱን አውጥቶ በካርድ ሪደር መሞከር ነው። የካርዱን ወርቃማ ጥርሶች አቧራ ይዟቸው እንደ ሆነ በደረቅና በለስላሳ ጨርቅ መወልወል ነው። ሪደሩም አሮጌ ሊሆን ይችላል። የፊተኛው ኤስዲ ካርድ እስከ 2 ጊጋባይት ብቻ ይይዛል፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ኤስዲኤችሲ የተባለው እስከ 32 ጊጋባይት የሚይዝ፥ በ2009 ደግሞ ኤስዲኤክስሲ የተባለው ከዚያ በላይ የሚይዝ ወጣ። አዲሱ ሪደር አሮጌውን ካርድ ያነባል፤ አሮጌው ሪደር ግን አዲሱን ካርድ ላያነብ ይችላል። በካርዱ ጎን ያለችውም ትንሽ መቆለፊያ መጻፍን ትከለክላለች እንጂ ካርዱን አትሰውርምና፥ በእርስዋ ማመካኘት ስሕተት ነው።

አራተኛ፥ በዊንዶውስ ኮምፒዩተር «ዲስክ ማኔጅመንት» የሚባለውን ክፍል መመልከት ነው። ካርዱ በዚያ ታይቶ መጠሪያ ፊደል የሌለው እንደ ሆነ፥ ፊደል ሲሰጡት ይገለጣል። ካርዱ ተከፍቶ ቪዲዮው ባይታይም መደንገጥ አይገባም፤ ኤቪሲኤችዲ በሚባለው አቀዳድ የሚሠሩ ካሜራዎች ቪዲዮውን «ፕራይቬት» ከሚባለው ፎልደር ጀምሮ እስከ «ስትሪም» ድረስ፥ በፎልደር ውስጥ ፎልደር አድርገው ያስቀምጡታልና።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስጠንቀቂያ ይህ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ካርዱ ፎርማት ይደረግ እንደ ሆነ በጠየቀ ጊዜ እሺ ማለት አይገባም። ስለ ምን ቢሉ፥ ፈጣኑ ፎርማት የመጽሐፉን ማውጫ እንደ መቅደድ ነው፤ ሙሉው ፎርማት ግን ብራናውን እንደ መፋቅ ነው። ፈጣኑ በስሕተት ተደርጎ እንደ ሆነ ካርዱን ወዲያው አውጥቶ ማቆየት፥ ከዚያም ፋይል በሚመልስ ፕሮግራም የተገኘውን ወደ ሌላ ዲስክ ማውጣት ብዙ ጊዜ ይቻላል። አዲስ ነገር ከተቀዳበት ግን በተፋቀ ብራና ላይ ሌላ እንደ መጻፍ ነውና የቀደመው አይመለስም።

ቪዲዮው የተገኘ እንደ ሆነ በዚያው ቀን በሁለት ልዩ ልዩ ዲስኮች ይገልበጥ። ካርዱም መገልበጡ ሳያልቅ አይነቀል። ሁለቱም ግልባጮች ተከፍተው ደኅና መሆናቸው ከታየ በኋላ ብቻ ካርዱን ለሌላ ሥራ ማዋል ይቻላል። በዚህ ሥራ የሚያድነው ትዕግሥት ነው፤ የሚያጠፋውም ችኮላ ነው።